የችሎት ጸሐፊዋ ማመልከቻ

ጠበቆቹ «ማሽኗ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስተኛው ችሎት፣ ከዳኛው ወንበር ዝቅ ብላ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራለች። ጣቶቿ ለጉድ ይፈጥናሉ፤ ፊቷ ግን ምንም አይናገርም። ባል ሚስቱን ሲወነጅል፣ ወንድም ወንድሙን ሲክድ፣ ምስክር ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ እሷ ቅንድቧን እንኳ አታነሳም።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ የሕግ ትምህርት ቤት ልግባ ብላ የተነሳችው። ያውም ተራ ትምህርት ቤት አይደለም። በዓመት አርባ ሰው ብቻ የሚቀበል፣ ዘጠኝ መቶ ሰው በሩ ላይ የሚጋፋበት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላውን ደግሞ ጭራሽ አይመዘግብም። ዘንድሮ ካልገባች አለቀ፣ ደቀቀ፤ ሌላ ዘንድሮ የላትም።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ነገሩን ስትነግረው ከያዘው የፍሪጅ በር ጎማ ላይ ቀና ሳይል «እስካሁንም ተከራክሬ አላሸነፍኩሽ፣ ጭራሽ ልትማሪበት ነው?» አላት። የመግቢያ ፈተናውን ወስዳ ከዘጠኝ መቶው አሥራ ሰባተኛ ስትወጣ ግን ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ ያዳረሰው እሱ ነበር። ፍሪጁ የተበላሸበትም ያልተበላሸበትም ሰምቷል።

ከፈተናው በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው «ሕግ መማር ለምን ፈለግሁ» የሚል የሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ቢያንስ አምስት ዓመት አብሯት ከሠራ የሕግ ሰው የሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። እነዚህ ካማሩ ለቃለ መጠይቅ ትጠራለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጻፈችውን ለልጇ ሰጠቻት። ልጇ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የማይነበብ የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ ስለምትውል የሚነበብ ጽሑፍ ላይ ርኅራኄ የላትም።

«እማ፣ "ፍትሕ የአንድ ኅብረተሰብ የጀርባ አጥንት ናት" ብለሽ ትጀምሪያለሽ?»

«ምን አለው?»

«ዘጠኝ መቶውም ሰው እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። መራጮቹ አንብበው ሳይጨርሱት ነው የሚያንቀላፉት። አንቺ ለምንድን ነው የፈለግሽው? ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

ለማንም፣ ለባሏ እንኳ፣ ያልነገረችውን ነገረቻት።

በችሎቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ምስክር ሲናገር ጸሐፊ አትጽፍም። ምስክሩ ይናገራል፣ ዳኛው ይሰማል፤ ከዚያ ዳኛው በራሱ አባባል አሳጥሮ ለጸሐፊዋ ይነግራታል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ዳኛው ያለው ነው። ሰው ሲመሰክር የአክስቱን ሠርግ ሁሉ ስለሚያወራ እንደዚያ ካልተደረገ ሥራው አያልቅም። ሁሉም ለምዶታል።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ሹፌር ከመጋዘን ጨርቅ ሰርቀሃል ተብሎ ቀረበ። ያለችው ምስክር አንዲት ብቻ ናት፤ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ። ቆማ እንዲህ አለች፤ «ከኋላው ነው ያየሁት። ፊቱን አላየሁም። አረማመዱ የሱን ይመስላል እንጂ እሱ ነው ብዬ አልምልም።» ዳኛው ሰዓቱን አየ። ገና አራት መዝገብ ይጠብቀዋል። ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «ምስክሯ ተከሳሹ ከመጋዘኑ ሲወጣ ማየቷን አረጋግጣ፣ በችሎት ለይታ አሳይታለች» አለ። ጣቶቿ ለአንድ አፍታ ቆሙ። ከዚያ ጻፈች።

ሹፌሩ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ አለ። የበላይ ዳኞች የሚያዩት መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ለይታዋለች ይላል፤ አጸኑበት። ሚስቱ ግልባጭ ልትወስድ ስትመጣ ወረቀቱን ማኅተም አድርጋ በእጇ የሰጠቻት ይህችው ጸሐፊ ናት። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም። «የተባለው ሁሉ አለበት እህቴ?» ብላ ጠየቀቻት። «አለበት» አለቻት።

ልጇ የያዘችውን ወረቀት አጠፈችው። «እማ፣» አለች፣ «የምትጽፊው ይሄንን ነው።»

ጻፈችው። ሳምንት ፈጀባት። የሌላውን ሰው ቃል በደቂቃ የምትጨርስ ሴት የራሷን ሁለት ገጽ ለመጻፍ ሰባት ቀን አማጠች። የዳኛውን ስም አልጠቀሰችም፤ ብቻ «በታዘዝኩት መሠረት እውነት ያልሆነውን ጻፍኩ፤ ሕግ መማር የምፈልገው ያን ቀን አፌን ለመክፈት የሚያበቃ ዕውቀትም መብትም ስላልነበረኝ ነው» አለች። ልጇ አንብባ ዓይኗን ጠረገች። ከእሷ ዘንድ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

አሁን ነገሩ የተቆላለፈው ደብዳቤው ላይ ነው። አምስት ዓመት አብሯት የሠራ የሕግ ሰው ማን ነው? ሌሎቹ ዳኞች ሁለት ሦስት ዓመት እየቆዩ ሄደዋል። ጠበቆቹ በችሎቱ ስለሚከራከሩ ለችሎቱ ሠራተኛ ደብዳቤ መስጠት አይፈቀድላቸውም። የቀረው ያው የሹፌሩን ጉዳይ ያየው ዳኛ ነው። ቅጹ ደግሞ «የአመልካቹን ጽሑፍ አንብቤአለሁ» ብሎ እንዲፈርም ይጠይቀዋል።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀለላት። ግን ክፉ አይደለም። እናቷ የሞተች ጊዜ ቀብር ላይ እስከ መጨረሻው ቆሟል። ልጇ ሳንባዋን የታመመች ጊዜ «ሥራው የትም አይሄድም፣ ሂጂ» ብሎ ሦስት ሳምንት አሰናብቷታል። በችሎት «ክቡር ዳኛ»፣ በቢሮ «ጋሼ» ነው የምትለው፤ «ጋሼ»ው ከልቧ ነው። ጽሑፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

ሦስት ቀን ምንም አላለም። በአራተኛው ቀን፣ ማስረከቢያው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከረፋዱ ችሎት በኋላ አስጠራት።

«ነይ ተቀመጪ። ደብዳቤሽን እንጻፍ» አለ።

እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሰ ይናገር ጀመር፤ እሷ ትጽፋለች። ትጉህ ናት አለ። ምስጢር ጠባቂ ናት አለ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም፤ ከብዙ ዳኞች ይልቅ ሕጉን ታውቀዋለች አለ። ሆዷ ባባ። በልቡ እንዲህ ያስብላት እንደነበር አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀጠለ፤ «ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የምስክር ቃል ስትመዘግብ የፈጸመችውን ስህተት ራሷ አምና ለማረም ያሳየችው ድፍረት…»

ጣቶቿ ቆሙ።

«ጋሼ፣ እንደሱ አልነበረም።»

«እንዴት ነበር?»

«እርስዎ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።»

«ይሆናል። እኔ አላስታውሰውም። መዝገቡን ትናንት አስወጥቼ አየሁት። ምስክሯ ለይታዋለች ነው የሚለው። አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ ፊርማሽም አለበት።»

«የእርስዎም አለበት።»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም። «ስሚኝ እህቴ። የሚመጣው ወር ጡረታ እወጣለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራሁትን በአንዲት ወረቀት አላስበላም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ይወዳሉ። አንቺ ትምህርትሽን ትገቢያለሽ፤ እኔ በሰላም ቤቴ እገባለሁ። ሰውየውም ጨርሶ ወጥቷል። ማን ይጎዳል?»

እዚህ ላይ ተነስታ ብትወጣ ሁላችንንም ደስ ይለን ነበር። አልወጣችም። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማስረከቢያው ነገ ነው፣ አሥራ ሰባተኛ ወጥታለች። ደግሞ ልፋቱ፤ ማታ ማታ ከባሏ ጋር እየተነታረከች፣ በምሳ ሰዓት ሌላው ሲበላ እሷ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ የለፋችው ሁለት ዓመት።

«የት ደርሰን ነበር?» አለ ዳኛው።

«"ድፍረት" ላይ ነን» አለችው፤ ጻፈችም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የራሷን ጽሑፍ ከደብዳቤው ጋር እንዲሄድ ሦስት ዓረፍተ ነገር ለወጠችበት። «በታዘዝኩት መሠረት» የሚለው ወጥቶ «በቸልተኝነቴ» የሚለው ገባ። ለልጇ «ትንሽ አሳጠርኩት» አለቻት። ያን ሰሞን መስታወት ፊት ስትቆም ፀጉሯን ብቻ ነበር የምታየው።

ከወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠርሙስ ውሃ አለ። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ የሸበተ የሕግ መምህርት ናት፤ ደግ ፊት አላት። በጠረጴዛው ጥግ አንድ መላጣ ሰውዬ ኮምፒውተር ከፍቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

«ጽሑፍዎ ነክቶናል» አለች ሰብሳቢዋ። «ስለዚያ ስህተት በራስዎ አንደበት ይንገሩን።»

መልሱን ስትለማመደው ነው የከረመችው። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ምስክሯ ፊቱን አላየሁም ነው ያለችው» አለች። ከዚያ ማቆም አቃታት። ዳኛው ምን ብሎ እንዳስጻፋት፣ እሷ ሰምታ እያወቀች እንደጻፈችው ተናገረች። የድጋፍ ደብዳቤውንም እንደዚያው እንደጻፈችው፣ የራሷንም ጽሑፍ ከውሸቱ ጋር እንዳስማማችው ጨምራ ተናገረች።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ጥቂት አሰበችና ወደ መላጣው ሰውዬ ዞረች። «ያዝልኝ፤ "አመልካቿ በመዝገቡ ላይ ለተፈጠረው ስህተት ኃላፊነቱን ወስዳ፣ ጥልቅ ጸጸት እንደተሰማት ገልጻለች።"»

ሰውዬው ጻፈ። ጸሐፊዋ ፊቱን አየችው። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ይቅርታ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች።

«ያሉት ረጅም ነው። ፍሬ ነገሩን ነው ያስያዝኩት።»

«ፍሬው እሱ አይደለም።»

ሰብሳቢዋ ጠጋ አለች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ይስሙኝ። እንዳሉት ቢጻፍ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብዎን በራስዎ አፍ አመኑ ማለት ነው፤ ደንባችን ወዲያው ይሰርዝዎታል። እኔ ልረዳዎት ብዬ ነው። ይተዉት።»

መርዳት። ዳኛውም ሊረዳት ብሎ ነበር። ያኔ በጽሑፏ እንኳ ያላስገባችው አንድ ነገር ፊቷ ድቅን አለ። ያን ቀን፣ ዳኛው አስጽፎ ሲጨርስ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ አልሄደችም ነበር። «እኔ እኮ…» ብላ ጀምራ፣ ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ እሷ፣ ወደ ጸሐፊዋ ነበር ያየችው። ሴት ለሴት፣ ሠራተኛ ለሠራተኛ። «አንቺ እንኳ ሰምተሽኛል አይደል?» የሚል ዓይን ነበር። እሷ አንገቷን ደፍታ ወረቀት ቀየረች።

«ያልኩት ይጻፍልኝ» አለች።

መላጣው ሰውዬ ጣቶቹን አንስቶ ሰብሳቢዋን አየ። ሰብሳቢዋ ተነፈሰች። «ጻፍላት» አለች።

ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችለት። ለሚጽፍ ሰው የት ላይ ቆም እንደሚባልለት ታውቃለች፤ ሐረግ በሐረግ፣ እየጠበቀችው ነገረችው። ሲያልቅ አትሞ ሰጣት። አነበበችው። የጎደለ የለም። ፈረመች። ሰብሳቢዋ የአመልካቿን ማኅደር ከሌሎቹ ነጥላ ለብቻው ወንበር ላይ አኖረችውና «የሚቀጥለውን ይጥሩልኝ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሸሚዛቸውን የተኮሱ ወጣቶች ተደርድረዋል። አንዲት ልጅ ፈጥና ተነስታ ቦታ ለቀቀችላት። «ይቀመጡ ማዘር። ልጅዎ ውስጥ ናት?»

«አይ፣ እኔ ነኝ የገባሁት።»

ልጅቷ አፈረች፤ ከዚያ ጭንቀቷ ኀፍረቷን በለጠባት። «እንዴት ነው? ጥያቄው ከባድ ነው?»

«ጥያቄውስ ቀላል ነው» አለች። ልትስቅላት ፈልጋ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ ያ ሁሉ ልጅ እያያት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ትምህርቱን ፈልጋው ነበር። በጣም ፈልጋው ነበር።