በክር መቅናት

፩

ፈትለወርቅ የእህቷን የቀለበት ጣት ጥፍር ቆርጣ ወደ መሐል ጣቷ አለፈች። የብርቅነሽ ግራ እጅ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያበቃል፤ ስትወለድም እንዲሁ ነበር። የቀኟን ጥፍር ታዲያ በምን እጇ ትቁረጠው? ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ የምትቆርጥላት መንታዋ ናት።

«ከሠርጉ በኋላ እኔ ነኝ የምቆርጥልሽ ብሏል መላኩ» አለች ብርቅነሽ። «እንዴት እንደሆነ ጻፊለት።»

«ጥፍር መቁረጥ ይጻፋል እንዴ?»

«ወንድ ነው፤ ጻፊለት። ኧረ ሥጋዬን!»

«ይቅርታ» አለች ፈትለወርቅ። እጇ ስቶ አልነበረም።

፪

ለብርቅነሽ እጅ እስከ ዛሬ የተሰጡ ምክንያቶች፦

እናታቸው፦ እርጉዝ ሳለሁ ግርዶሽ አይቼ ነው።

ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ፣ ወደ ፈትለወርቅ እየጠቆሙ፦ ይቺ ናት ሆድ ውስጥ ሳሉ የነጠቀቻት።

የሰፈር ልጆች፦ ሌባ! የእህትሽን እጅ መልሽ!

ፈትለወርቅ፦ (ሰባት ዓመቷ ላይ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ እጆቿን ተራ በተራ አሳርፋ መዘነች። ግራው የከበደ መሰላት።)

፫

ለብርቅነሽ፦ የፊት ወንበር። የእናት ጭን። ጫማዋን ባሰረች ቁጥር «የኔ ጎበዝ»።

ለፈትለወርቅ፦ አንቺ ሁለት እጅ አለሽ አይደል?


አይደል?


፬

ክሊኒክ። የመላኩ እናት «ለልጅ ይተርፋል ወይ?» ብለው ስለጠየቁ፣ መንታዎቹ ከእናታቸው ጋር ሄደዋል።

ሐኪሙ፦ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይተላለፍም። ጽንሱን የከበበው ስስ ሽፋን ይቀደድና ክር ይሆናል። ክሩ እጅ ላይ ይጠመጠማል፣ ደም ይከለክላል፤ እጁ አያድግም።

እናት፦ ክር?

ሐኪሙ፦ አዎ እናቴ፣ እንደ ፈትል ያለ።

እናት፦ ፈትል! (ወደ ፈትለወርቅ ዞራ) ወይ ጉድ! ደብሪቱ እውነቷን ኖሯል!

ብርቅነሽ፦ (እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች) ዶክተር፣ ስሟ ፈትለወርቅ ነው።

ሐኪሙ፦ እሷማ ምንም አላደረገች። እርስዎም። ለምን እንደሚቀደድ እኛም በውል አናውቀውም።

፭

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እፎይ ትላለች ብለህ ጠብቀህ ይሆናል። ስጽፍ እኔም ጠብቄ ነበር።

ግን ፈትለወርቅ በእህቷ ታሪክ ውስጥ የነበራት ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌባዋ መሆን። እሱንም ስም የሌለው ክር ወሰደባት። ከእሷ ቀድሞ እህቷን ያቀፈ፣ አጥብቆ ይዞ ያለቀቀ ክር።

ቀናችበት።

፮

የብርቅነሽ ጥፍር አቆራረጥ፣ ለመላኩ

1. እጇን ለብ ባለ ውኃ አርጥብ።

2. ፊት ለፊቷ አትቀመጥ። ጎኗ ሁን፤ እጇ ያንተው እጅ መምሰል አለበት።

3. ከትንሿ ጣት ጀምር። ስትስቅ አትቁረጥ፤ እጇን ትነጥቅሃለች።

4. አውራ ጣቷ ጋ ስትደርስ



አንድ መስመር ጽፋ ሰረዘችው። አራተኛውን ሳትጨርስ እስኪሪብቶውን ከደነችና ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው።