የዋጃዋ እንግዳ

ትርሲት አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ከጫነች በኋላ የጉዲፈቻው ወረቀት ጋ ሳታደርስ ቆመች። ግራ እጇ በጀሶ ተጠቅልሎ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። የሦስት ዓመት ልጇ ሩት ከእግሯ ሥር ተቀምጣ ጥንቅሽ ታኝካለች።

"እዚህ ጋ ነው?"

"አዎ፣ ከስምሽ ፊት ለፊት። የሚያጣድፍሽ የለም" አለቻት ጀዊሪያ።

ጀዊሪያ ቆቦ ውስጥ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ በሚከታተል ቢሮ በማኅበራዊ ባለሙያነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የሩት አባት ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሳያመነታ ፈርሟል። ትርሲት እሱ ክንዷን ከሰበረባት ወዲህ ሮቢት ከተማ አክስቷ ቤት ተሸሽጋ ከርማ፣ ሰመራ ወርዳ ሥራ ልትፈልግ ቆርጣለች። ልጅ ይዛ ግን እንዴት ትወርዳለች? ልጅቷን ሊያሳድጉ ከጎብዬ ከተማ የመጡት ባልና ሚስት፣ አንዷለምና ታንጉት፣ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ ሲመኙ ስድስት ዓመታቸው ነው።

"እትዬ ጀዊሪያ፣ ሰው ቤት ያደገ ልጅ ይደላዋል?"

ጀዊሪያ የራሷን ታሪክ ለባለጉዳይ ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን አፏ ቀደማት።

"እኔም በጉዲፈቻ ነው ያደግሁት። እናቴ ከአባቴ ዱላ ሸሽታ ዋጃ ስትደርስ ሀሊሜ ለምትባል ሴት ሰጠችኝ። ሀሊሜ በአገሩ ደንብ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝና ልጇ አደረገችኝ።"

ይህን ስትናገር ዋጃ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ሀሊሜ ከማሳ ስትመለስ በጉፍታዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣላት የማሽላ እሸት፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከጥቁሩ አፈር የሚነሳው ሽታ፤ አጥር ላይ ተንጠልጥላ አንድ ሁለት እያለች የቆጠረቻቸው የአፋር ግመሎች። ትኩሳት ሲይዛት ሀሊሜ ጀርባዋን እየደባበሰች "ያ ረቢ፣ የእሷን ለእኔ" ትል ነበር። ሀሊሜ ካረፈች ስምንት ዓመቷ ነው። ጀዊሪያ ግን በዋጃ ባለፈች ቁጥር አሁንም የአውቶቡሱን መስኮት ትከፍታለች።

"ወላሂ፣ ደልቶኝ ነው ያደግሁት" አለች።

"እናትሽስ? ተመልሳ መጣች?"

"አንድ ጊዜ መጣች። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የገበያ ቀን። አንዲት ቀጭን ሴት በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሬን ሠራችኝ። ስትሄድ 'ይቺ ማናት?' አልኳት ሀሊሜን። 'እንግዳ ናት' አለችኝ። እናቴ እንደነበረች የሰማሁት ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ ነው።"

ትርሲት ልጇን ቁልቁል አየቻት።

"እኔን እንግዳ ልትለኝ!" አለችና አውራ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። "አልችልም፣ እትዬ። ግን የት ልውሰዳት? ሮቢትን እንደሁ ያውቀዋል፤ ይመጣብኛል።"

ጀዊሪያ አፈረች። ደሴ እናትን ከነልጇ ስድስት ወር የሚያስጠልል ቤት እንዳለ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በችኮላ ነበር። "ደሴ ማን አለኝ?" ትርሲት ስትላት አልገፋችበትም። ለሩትም ሌላ ሀሊሜ ስትመኝላት እንደከረመች፣ በራሷ ናፍቆት እናትን ልታስፈርም እንደነበር አሁን ገባት።

ስልኳን አነሳች።

"ለአንዲት እናትና ለልጇ ቦታ ይኖራችኋል? ... ነገ? አልሀምዱሊላህ።"

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረች። "እኔው ራሴ አደርሳችኋለሁ። ዛሬ ግን ፖሊስ ጋ አብረን ሄደን ቃልሽን ትሰጫለሽ። ክንድ ሰብሮ፣ ፈርሞ መገላገል የለም።"

ትርሲት ልጇን በደህና እጇ ወደ ጉልበቷ ሳበቻት።

በሩ ገርበብ አለና ታንጉት አንገቷን አስገባች። በፌስታል አዲስ የሕፃን ጫማ ይዛለች።

"ጨረሳችሁ እንዴ?"

"መጣሁ፣ እህቴ" አለች ጀዊሪያ።

ጉዲፈቻው ቀረ የሚል ወሬ ሁልጊዜ በደብዳቤ ነበር የምታሳውቀው፤ ማህተም አርፎበት፣ ቁጥር ወጥቶለት። ዛሬ ብዕሯን አላነሳችም። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣችና ታንጉትን ወደ አግዳሚው መለሰቻት።

"ጠጋ በይልኝ" ብላ ከጎኗ ተቀመጠች።