በሱ እጅ የማይነሳው ፒክአፕ

«እስቲ አንዴ ድገሚው» አለ መካኒኩ፣ በተከፈተው ኮፈን ስር አንገቱን ሰግጎ።

የፒክአፑ ባለቤት፣ ባለ ኦክስጅኗ፣ ቁልፉን አዞረች። የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ አሉ። ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ግን አላቃሰተም፣ አልተንተባተበም፣ «ቀጭ» እንኳ አላለም። ከኋላ መጫኛው ላይ ለክሊኒኮች የሚደርሱ አምስት የኦክስጅን ሲሊንደሮች በገመድ ታስረው ቆመዋል።

«ይኸው እንግዲህ። ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ እንዲሁ ነው ያዋረደኝ» አለች።

«ውረጂ፣ እኔ ልሞክረው።»

ወረደች፤ እሱ ገባ። ፒክአፑ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። የናፍጣ ሞተሩ ምንም ሳያንገራግር፣ እንዳዲስ መኪና ማጓራቱን ቀጠለ።

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጉድ እኮ ነው። መኪናም ሰው ያዳላል?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። የሰፈሩ ሾፌሮች እሱን «ይነሳል» እያሉ የሚጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጎትቶ የመጣን ብረት ሁሉ ገና ሳያየው «ይነሳል» ማለት ልማዱ ነው። ዛሬ ግን ሳቁ አልመጣለትም። ይህችኑ ነገር ከሁለት ሳምንት በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቷታል። «ጋሼ፣ አንተ ስትይዘው ብቻ ነው የሚነሳው» ነበር ያለው አማቹ።

አማቹ የታናሽ እህቱ ባል ነው። የዚህ ፒክአፕ ሾፌር የነበረውም እሱ ነው፤ ያስቀጠረው ደግሞ ራሱ መካኒኩ። ሦስት ጊዜ «አልነሳ ይላል» ብሎ አመጣው። መካኒኩ በመጀመሪያው ባትሪ ቀየረ። በሁለተኛው ሞተሪኖውን አውርዶ አጽድቶ መለሰ። በሦስተኛው ትዕግስቱ አለቀ፤ አስር ጊዜ ቢያስነሳው አስር ጊዜ ተነሳለት። በዚያው ሰሞን አንድ ክሊኒክ ኦክስጅን ዘግይቶበት በሽተኛ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። ባለ ኦክስጅኗ በንዴት በግና መጥታ፣ ችግሩ የመኪናው ነው የሰውየው ብላ ጠየቀችው። እሱም አፉን ሞልቶ «መኪናው ጤነኛ ነው፤ ሰውየውን አንቺ እወቂ» አላት። በዚያው ቀን አማቹን አባረረችው። እህቱ ከዚያ ወዲህ ዓይንህን ላፈር ብላዋለች።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ።

«ተመልሰሽ ግቢ። አሁን ሞተሩን አይደለም፣ እጅሽን ነው የማየው።»

ግራ እየገባት ገባች። ፍሬን ረገጠች፣ ቁልፉን አዞረች። ዝም።

«ማርሹን አልነካሽውም።»

«ለምን እነካዋለሁ ጋሼ? ፒ ላይ፣ ማቆሚያው ላይ ነው እኮ። አውቶማቲክ ሲነዱ ፒ ላይ አቁመው ፒ ላይ ያስነሳሉ፤ ማሰልጠኛም ያስተማሩን ይህንኑ ነው።»

«ፍሬኑን እንደረገጥሽ ወደ ኤን፣ ወደ ባዶው ሳቢው። አሁን አዙሪ።»

ተነሳ።

መካኒኩ ክው አለ። እጁን ከበሩ ላይ አንስቶ አየው፤ በቅባት የጠቆረውን የገዛ እጁን። ሥራ የተማረው የእጅ ፍሬናቸው በማይታመን አሮጌ የጭነት መኪኖች ላይ ነው። ያኔ አንዱ መኪና ማርሽ እንደገባ ሲያስነሱት ዘሎ አለቃውን ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ ከማዞሩ በፊት እጁ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ባዶ ያደርጋል፤ ሳያስፈቅደው፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ይህንንም ፒክአፕ በገባበት ቁጥር ከፒ ወደ ኤን ስቦ ነበር የሚያስነሳው። አማቹ እንደተማረው ያስነሳል፣ መኪናው እምቢ ይለዋል። እሱ እንደለመደው ያስነሳል፣ ይታዘዝለታል። ያንን ሰው ውሸታም ያደረገው ይህ ነው።

ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ አስደግፎ፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሩን ይዞ ከስር ገባ። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ጎን ላይ መዳፍ የማትሞላ ስዊች አለች። ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን ካላረጋገጠች ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ አታሳልፍም። በላይ ሆና ማርሹን እንድታመላልስለት ነገራት። ኤን ላይ ኤሌክትሪኩ አለ። ፒ ላይ ጠፋ። ማርሹን ነቅነቅ ስታደርገው መጣ፣ መልሶ ጠፋ። ውስጧ ተበልቷል፤ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ለአማቹ አንድ ቀን አስነስቶለት ሌላ ቀን ሲያዋርደው የከረመው ይኸው ነው። መካኒኩ የስዊቿን አንድ ብሎን አላላ፤ ከዚያ መፍቻውን እንደያዘ ከስር ወጣ።

«ተገኘ?» አለች።

«ተገኘ። ስዊች ናት።»

«ተመስገን። ዕቃ መቼም ያረጃል። ሰሞኑን መሆን አለበት የሄደችው፣ አይደል? አዲሱ ሾፌር ሰኞ ሊጀምር ነው፤ እንኳን ከዚያ በፊት ታወቀ።»

እንግዲህ ማምለጫውን ራሷ ከፍታ ሰጠችው። አዎ ቢል ማን ይጠይቀዋል? ለመካኒክ ስም ማለት እንጀራ ነው፤ የሱ ስም ደግሞ በአርባ ዓመት አንድ ቀን አልጎደፈም። እህቱን አሰበ፣ ስሙን አሰበ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ማትረፍ እንደማይችል ገባው።

«ሰሞኑን አይደለም» አለ። «ያኔም ይህችው ናት። ሦስቱንም ጊዜ።»

«ያኔማ እርስዎ አስር ጊዜ አስነስተው...»

«ኤን ላይ ነዋ ያስነሳሁት። እሱ ያለውን አላደረግሁም፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ አንድ ቀን አላየሁትም። ሰውየው እውነቱን ነበር።»

ባለ ኦክስጅኗ የመኪናውን በር ተደገፈች።

«እኔ እኮ በእርስዎ ቃል ነው ያባረርኩት። ሠራተኞቹ ፊት ነው ሰነፍ ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«በሉ ቀይሯትና እኔው እደውልለታለሁ። ምን እንደምለው ግን አላውቅም።»

አዲስ ስዊች ከመንገዱ ማዶ መለዋወጫ ቤት አለች፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። መካኒኩ ግን ተመልሶ ከስር ገባና ያላላውን ብሎን አጠበቀው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ጎንበስ ብላ።

«አልቀይራትም። ዛሬ ከቀየርኳት የሚቀረው የኔ ወሬ ብቻ ነው። የኔ ወሬ ምን እንዳደረገ አይተሻል። ሲሊንደሮቹን ኤን ላይ እያስነሳሽ አድርሺ፤ የእጅ ፍሬኑን አትርሺ። ከምሳ በኋላ መልሺልኝ፤ ሠራተኞችሽንም ይዘሽ ነይ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዙር፤ ሁላችንም ቆመን እንይ።»

«ባይመጣስ?»

«እኔው ቀድሜ እደውልለታለሁ» አለ። ማርሹን ኤን ላይ አድርጋ አስነሳችና ወጣች። እሱ እጁን በጨርቅ ጠርጎ እህቱ ጋ ደወለ። ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ።

«አቤት ወንድምጋሼ» አለች፤ ድምጿ ባዳ ሆኖበታል።

«ባልሽ አለ?»

«የት ይሄዳል? ሥራ የለው።»

«አቅርቢልኝ እስቲ።»

«አያናግርህም።»

«አያናግረኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት፤ የምናገረው እኔ ነኝ።»

መንሾካሾክ ሰማ፣ ከዚያ የወንድ ትንፋሽ። መካኒኩ ስንት ነገር ሊል አስቦ ነበር፤ ሁሉንም ተወው።

«መኪናው በእኔም ፊት አልነሳም አለ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከምሳ በኋላ ናና ሁሉም እያየ አንተው አዙረው፤ እስክትመጣ አልነካውም።»