የአበልጅ ዝምታ

ዶብሪላ ልጅ ሳለች አባቷና ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ሲጨዋወቱ ሰምታለች። «አበልጅህ ቢበድልህስ?» አለ አንዱ። «አበልጅማ…» ብሎ ጀመረ ሌላው። የቀጠለው «ዝም ነው» ይሁን «ፊት ለፊት ነው» ዛሬም ትዝ አይላትም።

አሁን ኒሽ ከተማ ውስጥ ድረ ገጽ ከሚሠራ ድርጅት ተቀጥራለች። የገጾቹን መጫኛ ቁልፍ፣ ቀለምና ፊደል በአንድ ጥቅል ያሰናዳችው እሷ ናት፤ አንድ ቦታ ስታርም ገጾቹ ሁሉ አብረው እንዲታረሙ። የአውቶቡስ ትኬት ገጹን የሚሠራው ደግሞ ሲኒሻ ነው፤ ሴት ልጁን ዱንያን ክርስትና ያነሳችለት አበልጇ።

አዛውንቶች ፊደሉ ፈዞ አልነበብ አለን ብለው አመለከቱ። ጥቅሏ ላይ አደመቀችው። የትኬት ገጹ ግን ያው ነው። ደግማ አደመቀችው፤ ያው።

«ጥቅልሽማ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አላት አለቃቸው ስሬተን። «ሰኞ እንጥለዋለን።»

የሲኒሻን ኮድ ብትከፍት ጥቅሏ አልተያያዘም። የድሮውን ጥቅል ገልብጦ የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦታል።

«አያይዤዋለሁ አላልከኝም?»

«ገጹን የሚገጣጥመው ፕሮግራም ቀለሞችሽን ትርፍ ናቸው ብሎ ጠርጎ ጣላቸው። ምን ላድርግ? ገለበጥኩ።»

«አትጣላቸው የሚል አንድ መስመር ነው የረሳሁት! ብትነግረኝ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ እጨምረው ነበር።»

«አበልጄ ሆነሽ ሥራሽ ጎደሎ ነው ልበልሽ?»

«ይኸው አበልጅነትህ ሊቀብረኝ ነው። ለስሬተን ንገረው።»

«ያባርረኛል።»

«ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

ሲኒሻ የብዕሩን ክዳን ገጠመ።

«እሺ። እነግረዋለሁ። ኮፒውንም አጥፍቼ ያንቺን አያይዛለሁ።» ጃኬቱን አነሳ። «ለቅዱስ ኒኮላ ግን ቤታችን እንዳትመጪ።»

በአገራቸው የቤተሰብ ጠባቂ ቅዱስ በሚከበርበት ቀን እንግዳ አይጠራም፤ ያስታወሰ ይመጣል። አትምጣ የተባለ ሰው ግን ዶብሪላ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

«ዱንያስ? ጧፏን ከእኔ ጋር ነው የምታበራው።»

«እኔ አለሁላት።»

ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ከእሺ ሌላ ቃል ስጠኝ። አልመጣላትም።

«እሺ» አለችው። «አልመጣም።»