«ዝለለው» የምትለዋ ትእዛዝ

በመሥሪያ ቤቱ «ግግሟ» የሚሏት ኢንጂነር አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት የጀመረችው ለዝና ብላ አይደለም፤ በንዴት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መሥሪያ ቤቱ የሠራው የመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ማሽን የአንዲት በሽተኛ የልብ ምት ልኬት ሳይደርሰው የደረሰው መስሎት መድኃኒቱን ያንቆረቁር ጀመር። ነርሷ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ ሴትየዋ አልቆላት ነበር። ጥፋቱ የአንዲት መስመር ነው፤ አሮጌው የፕሮግራም ቋንቋ ያልደረሰውን ልኬት እንደ ቁጥር ቆጥሮ ዝም ብሎ አሳለፋት።

«የእኔው ዝም አይልም» አለችና ፍዳዋን ስትበላ ከረመች።

የቋንቋዋ ሕግ አንድ ነው። «የሚጠበቀው መረጃ ባይመጣስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልተጻፈለት ፕሮግራም ማሽን ላይ አይጫንም። የተጻፈውን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ጉድለቱን ጠቅሶ እዚያው ቀጥ ይላል። ፕሮግራመሮቹ ምርር ብሏቸዋል፤ «ግግሟ» የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ቋንቋው ይያዝ ወይም ይጣል የሚባልበት ስብሰባ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስበው ላፕቶፗ አጠገብ ተቀመጡ።

«እህቴ፣ ቋንቋሽን ወደድነዋል። ሥራ ሲጣደፍ ብቻ ‹ዝለለው› የምትል ትእዛዝ ትኑረን።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ምኑ ነው የማይሆነው? ይቺውና!» ስክሪኑ ላይ ወደምትታየው «ዝለለው» ጣታቸውን ቀሰሩ። «ራስሽ አይደለሽ የጻፍሻት?»

ፊቷ ደም መሰለ። እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት ለዛሬ ማሳያ ያዘጋጀችው ፕሮግራም አላልፍ ብሎ ሲያስቸግራት፣ ለጊዜው ብላ ትእዛዟን ኮምፓይለሩ ውስጥ ሸጉጣ ነበር። ያቺ ሴትዮዋን ልትገድል የነበረች መስመርም እኮ «ለጊዜው» ተብላ ነው የገባችው! በራሷ አፈረች፤ ቀጥሎ እልህ ያዛት።

«ልክ ነዎት፣ እኔ ነኝ» አለች። ሁሉም እያያት «ዝለለው»ን ከነሥሯ ነቅላ አጠፋቻትና ማሳያውን እንደ አዲስ ለኮምፓይለሩ ሰጠችው።

ኮምፓይለሩ ቀጥ አለ። ከወዲያ ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ሳቀ።

«ይኸው፣ አንቺንም አላሳለፈሽ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እንዳያሳልፈኝ ነው የሠራሁት!» ድምጿን ከፍ አድርጋ ስክሪኑን አነበበች። «‹መስመር አርባ አንድ፦ የልብ ምቱ ባይደርስስ?›» ቀና አለች። «መልሱን ሳልጽፍ ከዚህ ወንበር አልነሳም። እናንተ ከፈለጋችሁ ድምፅ ስጡ።»

ማንም እጁን ሳያወጣ እሷ መጻፍ ጀመረች።