በውኃ የተጻፈ ዜማ

ወለላ ቀለሙን በውኃ የለወጠችው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለላት ነበር።

ባሏ መሪጌታ ባምላክ ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ካለው መንደር ተቀምጠው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ድጓ በብራና ሲጽፉ ኖረዋል። ቃሉን ጨርሰዋል። የቀረው ምልክቱ ነበር፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወድቅ የሚያሳዩት፣ ከፊደሉ አናት የሚቀመጡት ነጠብጣቦችና ጭረቶች። ቃሉን ማንም ይገለብጠዋል። ምልክቱ ግን የመምህራቸው የየኔታ ጋሻዬ ዜማ ነው። የኔታ ጋሻዬ ሞተዋል፤ ከመሪጌታ ጋር የተማሩትም በሰባ ሰባቱ ድርቅ አልቀዋል። ዜማው በመሪጌታ አፍ ብቻ ቀርቷል። እሳቸው ደግሞ ምልክት በመጨረሻ፣ በአንድ እጅና በአንድ ልብ ሲቀመጥ ነው የሚያምረው እያሉ ሲያቆዩት ዓይናቸው ጠፋ። ወልድያ ሐኪም ቤት ድረስ ሄደው «ዘግይተዋል» ተባሉ። ይህ ኢሕአዴግ በገባ በሰባተኛው ዓመት ነው፤ የመጨረሻው ተማሪያቸው የሻውም ዜማውን ሳይዝ ትምህርቱን ጥሎ ላሊበላ ፈረንጅ ሊያስጎበኝ ሄዷል።

መሪጌታ ግን እጅ አልሰጡም። በብራናው ላይ በወስፌ የተጫረው መስመር ለጥፍር ይታወቃል። መስመሩን በግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር እየተከተሉ፣ የመቃ ብዕራቸውን ከቀለም ቀንዱ እያጠቀሱ፣ ዜማውን በለሆሳስ እያሉ ምልክቱን ያስቀምጡ ጀመር።

ወለላ ማንበብ አታውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ግን የመጽሐፍ አቧራ ጠርጋለች። አንድ ቀን ብራናውን ስታናፍስ ነጥቡ ሁሉ ከፊደሉ አናት ሳይሆን ከፊደሉ ሆድ ላይ ወድቆ አየችው። ዝንብ የሰፈረበት ቁስል መሰላት። መጽሐፉ ገና አልተጠረዘም ነበርና አንድ ቅጠል በነጠላዋ ጠቅልላ ላሊበላ የሻው ዘንድ ሄደች። የሻው አይቶ ክው አለ።

«ከነገሯቸው ይሞታሉ» አላት። «ዝም ካሉም መጽሐፉ ይበላሻል። ቀለሙን በውኃ ይለውጡት። እኔ ለፋሲካ መጥቼ ከአፋቸው እየሰማሁ እጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።»

ቀንዱ ሃያ ዓመት ቀለም የጠጣ ነውና ውኃውም ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። በየማለዳው ትሞላለች። «እጅሽ ይባረክ፤ ዘንድሮ ቀለሙ እንዴት ይታዘዝልኛል» ይሏታል። በነጋታውም ትሞላለች።

ፋሲካ መጣ፤ የሻው አልመጣም። ሰው ብትልክበት «እንግዳ በዝቶብኝ ነው፤ ለሰኔ» አለ። በሰኔ ክረምቱን አሳበበ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ግን ለእሱ ማን ይንገረው።

ለፍልሰታ መሪጌታ ጨረሱ። «በቃኝ። ከእንግዲህ እኔ ብሞት መጽሐፉ አለ» አሉና ማዜም ተዉ። በጳጉሜ ጽኑ ንዳድ ጣላቸው። ሲነሡ የጎረቤት ስም ይጠፋባቸው ጀመር።

የሻው ለመስቀል መጣ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዟል። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ያዚሙልኝ።»

ጀመሩ። ሁለት ቃል ሄደው ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። ወለላ ግድግዳውን ያዘች። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ጠፋኝ፣ ልጄ። ግድ የለም፤ ሸክሜን መጽሐፉ ላይ አራግፌዋለሁ። ግለጠውና አንተ በልልኝ።»

የሻው የተበላሹትን ሦስት ቅጠሎች አልፎ ገለጠ። በፊደሎቹ አናት ላይ ጣቱን አሳለፈ።

«ምነው? ምልክቱ ደቀቀብህ?»

የሻው ወለላን አያት።

«አዎ፣ ደቅቆበት ነው» አለች ወለላ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ቤቱ ጨለማ ነው እኮ። ወደ ደጅ አውጪለት፤ ፀሐይ ላይ ይየው።»

አወጣችለት። የመስከረም ፀሐይ ብራናው ላይ ወደቀ። ውኃው የነካው ቦታ ትንሽ ሻክሯል፤ ሌላ ምንም የለም። እሷ አንዱን ጫፍ፣ የሻው ሌላውን ጫፍ ይዘው ቆሙ።

«እንድሰማህ ጮክ በል» አሉ መሪጌታ ከውስጥ። ጆሯቸውን ወደ በሩ አዙረው ጠበቁ።