ዲስክ የምትተፋው ማጫወቻ

ኡርፖ ዲስክ ባስገባ ቁጥር የጌም ማጫወቻዋ አጉረምርማ መልሳ ትተፋዋለች። እሱም ይጮህባታል፦ "ጀመረሽ ደግሞ! ምን ጎድሎብሽ ነው የምትነጫነጪው?" ሚስቱ ቱሊኪ ከሞተች ወዲህ ኮትካ ወደብ አጠገብ ባለው በዚያ ቤት የሚጮህበት ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ እሁድ ግን ትዕግስቱ አለቀ። አርባ ዓመት ሙሉ የመርከብ ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው በዚህች ሚጢጢ ሳጥን ይሸነፍ? ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ፈታታት። ዲስኩን የምትስብበት ጎማ አቧራ ለብሶ መያዝ አቅቶታል። አልኮል ውስጥ በነከረው ጥጥ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው፤ ብሎኖቹን አጠበቀና ዲስኩን ሰጣት።

ድምፅ ሳታሰማ ዋጠችው።

"አየሽ? እንዲህ ጨዋ መሆን ትችያለሽ" አላት። ቱሊኪ የምትወደው የዓሣ ማጥመድ ጨዋታ ተከፈተ፤ ቤቱ ጭጭ አለ። ኡርፖ ወደቡን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ተነስቶ ዲስኩን አወጣና ሥዕሉ ያለበትን ፊት ወደ ታች ገልብጦ መልሶ አስገባው። ማጫወቻዋ ማንበብ ሲያቅታት አጉረመረመች፤ ተፋችው።

"ጀመረሽ ደግሞ!" አለ ኡርፖ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየሳበ።